ባሮክን (ከ1600 እስከ 1750 ገደማ የነበረውን የአውሮፓ ሙዚቃ) በፒያኖ፦ ጥያቄና መልስ

ሄለን፦ መምህር፣ ባለአራት ድምፅ ፉጋ (አራት የዜማ መስመሮች አንድን ዜማ እየተቀባበሉ የሚሄዱበት ድርሰት) ስጫወት ድምፆቹ ይደበላለቁብኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ፔዳሉን ተዪው። ፔዳል ሲረገጥ ማፈኛዎቹ በሙሉ ከክሮቹ ላይ ስለሚነሱ ያለፈው ኖታ ከሚመጣው ጋር ይጋጫል። ኖታ የሚያዘው በጣት ነው፤ ቁልፉን ሳትለቂ በላዩ ላይ ጣት ቀይሪ። ከዚያ ድምፆቹን ሁለት ሁለት እያደረግሽ ተለማመጂ፤ ስድስት ጥምረት ይወጣል፣ አንዱም አይዘለል። አብዛኛውን ጊዜ የሚጠፋው አልቶው፣ ከላይ ሁለተኛው ድምፅ ነው፤ ከእጅ ወደ እጅ ስለሚዘዋወር። የሚሻገርበትን ቦታ በእርሳስ ምልክት አድርጊበት።

ዮናስ፦ የትኛውን እትም ይመክሩናል?

መልስ፦ ኡርቴክስት፤ ደራሲው የጻፈውን ብቻ የያዘውን። አርታኢ የሌጋቶ (ኖታ አያይዞ የመጫወት) እና የፔዳል ምልክት የጨመረበትን አትግዛ።

ሚኪ፦ ባሮክን አሳምሮ ለመጫወት ምን ያስፈልጋል?

መልስ፦ የቱን ድርሰት? የቱ ቦታ ላይ ተቸገርክ? እንዲህ በደፈናው አይመለስም።

ራሄል፦ ትሪል (ሁለት ጎረቤት ኖታዎችን በፍጥነት የማፈራረቅ ጌጥ) ከየትኛው ኖታ ይጀምራል?

መልስ፦ እንዲህ ጠይቁኝ እንጂ! ከላይኛው። አቀናባሪው ባኽ እ.ኤ.አ. በ1720 ለልጁ ለቪልሄልም ፍሪደማን በጀመረለት ደብተር ውስጥ የጌጦች ሰንጠረዥ አለ፤ ትሪሉ እዚያ ከላይኛው ኖታ ጀምሮ ተዘርዝሯል። የመጀመሪያው ኖታ ልክ ምቱ ላይ ይውደቅ እንጂ አይቅደም፤ ብዙ ጊዜ ከባሱ ጋር የሚጋጨው እሱ ነው፣ ጣዕሙም ያለው እዚያው ግጭቱ ላይ ነው። መጀመሪያ ያለጌጥ፣ ምቱ እስኪረጋ ተጫወቺ። ቀጥሎ በአንድ ሩብ ኖታ ላይ አራት፣ ሲለመድ ስምንት ኖታ አስገቢ። በ3 እና በ2 ጣት (አውራ ጣት 1 ነው) ካልሆነልሽ በ3 እና በ1 ሞክሪ። ከተንገዳገደ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ከጣት ሳይሆን ከደረቀ የእጅ አንጓ ነው።

ሳምሶን፦ ይሄ ሁሉ ግን ለሃርፕሲኮርድ፣ ክሩ እየተቆነጠረ ለሚጮኸው ባለቁልፍ መሣሪያ የተጻፈ ነው። በፒያኖ መጫወቱ ራሱ ልክ አይደለም።

ሄለን፦ ፒያኖ በዘመኑ ነበር እኮ፤ ጣሊያናዊው መሣሪያ ሠሪ ክሪስቶፎሪ እ.ኤ.አ. በ1700 አካባቢ ሠርቶታል። የአቀናባሪው የስካርላቲ ተማሪ የነበረችው የስፔን ንግሥት ማሪያ ባርባራም ፒያኖዎች ነበሯት።

ሳምሶን፦ ነበሯት ማለት የስካርላቲ ሶናታዎች ለፒያኖ ተጻፉ ማለት አይደለም።

መልስ፦ ይሄን ለብቻችሁ ተከራከሩበት። ሌላ ጥያቄ።

ዮናስ፦ ለዝግታው ክፍል ትንሽ ፔዳልስ?

መልስ፦ ለሄለን የመለስኩትን አንብብ። በጣት ማያያዝ ሳትችል ፔዳል አይነካም።

ራሄል፦ የባኽ ጎልድበርግ ድርሰት 20ኛው ቫሪየሽን (ልዋጭ) ላይ እጆቼ ይጋጫሉ።

መልስ፦ ይጋጫሉ፤ የተጻፈው ሁለት ረድፍ ቁልፍ ላለው ሃርፕሲኮርድ ነው፣ አንቺ ያለሽ አንድ ረድፍ። የትኛው እጅ ወደ ውስጥ፣ ወደ ጥቁሮቹ ቁልፎች ገብቶ በላይ እንደሚያልፍ፣ የትኛው ዝቅ ብሎ ከፊት እንደሚቀር በየባሩ ወስነሽ ጻፊ። ሁለቱም አንድ ቁልፍ ላይ ሲገናኙ ቀድሞ የያዘው ቀድሞ ይልቀቅ፤ አለዚያ ቁልፉ ሳይመለስ ሁለተኛው ኖታ ይዋጣል። ፍጥነቱን በግማሽ ቀንሰሽ ጀምሪ።