ተደብቆ መርፌ የሚወጋውን ሰው ማን ቆጠረው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ እህቴ። ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው፤ ታክሲ ነጂ ነኝ። ሥራ ሲቀዘቅዝ ስልኬ ላይ ማንበብ እወዳለሁ። በቀደም አንድ ጽሑፍ አሜሪካ ውስጥ በመርፌ ድራግ የሚወስደው ሰው 770 ሺህ ገደማ ነው ይላል። ሌላው ደግሞ 3.7 ሚሊዮን አለኝ። ሁለቱም «በጥናት የተረጋገጠ» ይላሉ። አማቼን ብጠይቀው «በጀት ለማስጨመር ዝም ብለው የሚፈጥሩት ነው» አለኝ። መልስ አጣሁለት። ለመሆኑ የሚደበቅ ሰው እንዴት ይቆጠራል? ስንት እንደሆነስ ማወቁ ምን ይጠቅማል? የኛ ልጆችስ ከዚህ ውስጥ ስንት ናቸው?

መልስ፦ ጋሼ፣ ሁለቱም ቁጥሮች ከእውነተኛ ጥናት የወጡ ናቸው። ማንም አልፈጠራቸውም። ግን ደግሞ ማንም ዞሮ አንድ፣ ሁለት ብሎ አልቆጠረም። ሁለቱም ስሌት ናቸው፤ የተሰሉበት መንገድ ለየቅል ነው።

774 ሺህ የሚለው የ2011 ግምት ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። አጥኚዎቹ አገር አቀፍ መጠይቆችን አሰባስበው፣ በዚያ ዓመት ውስጥ የተወጋው ሰው ይህን ያህል ነው አሉ። እዚያው ጥናት ላይ ጥያቄው «በዕድሜህ አንድ ጊዜም ቢሆን ተወግተህ ታውቃለህ?» ሲሆን መልሱ 6.6 ሚሊዮን ይሆናል። ያው ሕዝብ፣ ያው ጥናት! ጋዜጣ ላይ ግን አንደኛው ብቻ ይወጣል፤ የትኛው ጥያቄ እንደተጠየቀ የሚጽፍ ጋዜጠኛ እምብዛም አላየሁም።

ችግሩ መጠይቁ ላይ ነው። ከእነዚህ መጠይቆች ትልቁ በየዓመቱ ወደ 70 ሺህ ሰው የሚጠይቀው ብሔራዊ የዕፅ አጠቃቀም ጥናት ነው። የሚያገኘው ግን አድራሻ ያለውን ሰው ነው። መጠለያ ውስጥ የሚያድረውን ይጨምራል። ድልድይ ሥር የሚያድረው ግን የለበትም። እስር ቤት ያለውም የለበትም። ቤት ያለውስ ቢሆን፣ እናቱ ሳሎን ቁጭ ብላ እየሰማች ሄሮይን እወጋለሁ ይላል? ለዚህ ሲባል ላፕቶፕና የጆሮ ማዳመጫ ይሰጡታል፤ ጥያቄውን ብቻውን ሰምቶ ብቻውን ይመልሳል። እንደዚያም ሆኖ የሚዋሸው ይዋሻል።

3.7 ሚሊዮን የሚለው የ2018 ነው። ይህኛው የተነሳው ከሞቱት ነው። በዚያ ዓመት አሜሪካ ውስጥ ከመጠን በላይ ዕፅ ወስዶ የሞተው ከ67 ሺህ በላይ ነበር። ከእነዚህ 28 ሺህ ያህሉ በመርፌ የወሰዱ ናቸው ተብሎ ተገመተ። ቀጥሎ ሁለት ነገር ታየ። አንዱ፣ አንድ ሰው ሲሞት ስንቱ ራሱን ስቶ ይተርፋል የሚለው ነው። ሁለተኛው፣ ከሚወጉት መካከል በዓመት ውስጥ እንዲህ የሚሆነው ምን ያህሉ ነው የሚለው። በእነዚህ እያባዙና እያካፈሉ ወደ ሕያዋኑ ቁጥር መጡ። ሞት አይደበቅም፤ ብልሃቱ እዚህ ላይ ነው። ግን ከሦስቱ ግምቶች አንዱ ትንሽ ቢዛነፍ ውጤቱ ብዙ ይዛነፋል። ስለዚህ አጥኚዎቹ ራሳቸው ትክክለኛው ቁጥር ከ1.9 እስከ 7.3 ሚሊዮን ባለው መካከል ሊሆን ይችላል ብለው ጽፈዋል። እኔ በበኩሌ ከ3.7ቱ ይልቅ ይህን ሰፊ ክልል አምነዋለሁ። ለአማችዎም ይህን ይንገሯቸው፦ በጀት ለማስጨመር የፈለገ ሰው «ምናልባትም ግማሹ ነው» ብሎ አይጽፍም።

ሌላም መንገድ አለ። የተጀመረው ከዓሣ ነው። ዝዋይ ሐይቅ ውስጥ ስንት ዓሣ እንዳለ ማወቅ ቢፈልጉ፣ 200 ይይዛሉ፤ ምልክት አድርገው ይለቃሉ። ሌላ ቀን 150 ይይዛሉ። ከነሱ 30ው ምልክት ካለባቸው፣ 200ን በ150 አባዝተው ለ30 ያካፍላሉ። 1,000 ይመጣል። ለሰው ሲሆን መረቡ የስም ዝርዝር ነው። አንዱ ከሕክምና ማዕከል፣ ሌላው ከፖሊስ። በሁለቱም ላይ ያለው ስንት ነው ይባላል።

ዓሣ ግን ከፖሊስ አይሸሽም። ሕክምና የጀመረ ሰው መንገድ ላይ መዋል ስለሚቀንስ ፖሊስ ዝርዝር ላይ የመግባት ዕድሉ ያንሳል። ያኔ በሁለቱም ላይ ያለው 30 ሳይሆን 15 ይሆናል። ሒሳቡ ደግሞ 2,000 ይላል። አንድም ሰው ሳይጨመር ቁጥሩ እጥፍ ሆነ።

የስም ጉዳይማ አይነሳ! እዚህ ላይ የኛ ሰው የተለየ ራስ ምታት ነው። «ገብረመድኅን» በእንግሊዝኛ ፊደል በስንት ዓይነት እንደሚጻፍ ያውቁታል። አንዱ ቢሮ የአባትን ስም ቤተሰብ ስም ያደርገዋል፤ ሌላው የአያትን። የልደት ቀኑ አንዱ ጋ በኛ አቆጣጠር፣ ሌላው ጋ በፈረንጅ፣ ሦስተኛው ጋ ደግሞ ጃንዋሪ 1 ተብሎ ይገኛል። ምስጢር ለመጠበቅ ዝርዝሮቹ ብዙ ጊዜ የሚነጻጸሩት በስም ፊደላትና በልደት ቀን ነው። አንዱ ሰው ሁለት ሆኖ ይወጣል። ሁለት ሆኖ ሲወጣ ደግሞ በሁለቱም ዝርዝር ላይ ያለው ያንሳል፤ ግምቱ ያብጣል።

እኔ ራሴ በጠያቂነት የሠራሁት በኩፖን በሚካሄደው ጥናት ላይ ነው። ይህን ዘዴ ዳግላስ ሄካቶርን የተባለ የሶሲዮሎጂ ምሁር በ1997 አስተዋውቆታል። የተወሰኑ የሚወጉ ሰዎችን ትጠይቃለህ፤ ለጊዜያቸው ትከፍላለህ። ከዚያ ለእያንዳንዱ ጥቂት ኩፖን ትሰጠዋለህ፤ ጓደኞቹን ይልካል። ጓደኛው ሲመጣ ላኪውም ትንሽ ይከፈለዋል። ሰንሰለቱ እየረዘመ፣ ክሊኒክ በር ረግጦ የማያውቅ ሰው ሁሉ ይመጣል።

ታዲያ ገንዘብ ባለበት አስመሳይ አይጠፋም። ተወግቶ የማያውቅ ሰው ኩፖን ገዝቶ ይመጣል። እኛም ክንድ እናያለን። ክንዱ ንጹሕ ከሆነ «ዕፁን እንዴት ነው የምታዘጋጀው?» እንላለን። የሚያውቀው ሰው ከማንኪያው እስከ ጥጡ ድረስ ሳያስብ ይዘረዝረዋል። የማያውቀው ፊልም ላይ ያየውን ይተርካል። አንዷ ጎልማሳ ሴት ደግሞ እጅጌዋን መሰብሰብ አልፈለገችም፤ ነርስ ነበረች፣ የምትወጋው እግሯ ጣቶች መካከል ነው። እሷን የትኛው ዝርዝር ያገኛታል? ሆኖም ኩፖኑ ስለ ሰዎቹ ሁኔታ ብዙ ይነግርሃል እንጂ ለብቻው ጠቅላላ ቁጥር አይሰጥህም። ሌላ ቁጥር ሲጠጋው ነው የሚሠራው።

የዓለሙም ግምት የተሠራው ከእንዲህ ዓይነቱ ነገር ነው። የተባበሩት መንግሥታት ለ2020 11.2 ሚሊዮን፣ ለ2021 13.2 ሚሊዮን ብሏል። በአንድ ዓመት ሁለት ሚሊዮን ሰው መርፌ ጀምሮ አይደለም። አሜሪካን ጨምሮ ከአንዳንድ አገሮች አዲስ ግምት ስለመጣ ነው።

ምን ይጠቅማል ላሉት፣ ቁጥሩ የሚፈለገው ለማካፈል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ የሚወጋ ሰው በ2020 በዓመት 200፣ በ2030 ደግሞ 300 ንጹሕ መርፌ እንዲደርሰው ግብ አስቀምጧል። አንድ ከተማ 100 ሺህ መርፌ አደለ እንበል። የሚወጉት 500 ከሆኑ ለአንዱ 200 ደረሰው። 2,500 ከሆኑ ግን 40 ብቻ ነው፤ የቀረውን ቀን በተጠቀመበት ወይም በሰው መርፌ ይወጋል ማለት ነው። ሪፖርቱ ላይ ግን ያው 100 ሺህ ነው የሚጻፈው፤ ባለሥልጣኑም ያጨበጭባል።

ኢንዲያና ውስጥ ስኮት ካውንቲ የሆነውን ያስታውሱ ይሆናል። ኦስቲን የምትባል 4,200 ያህል ሰው የሚኖርባት ትንሽ ከተማ ናት። ቀድሞ በካውንቲው ኤች አይ ቪ እምብዛም አይታወቅም ነበር። ሰዉ የሐኪም ማስታገሻ ክኒን አሟሙቶ ይወጋ ነበር፤ ስንቱ እንደሆነ ግን ማንም አላወቀም። ከ2014 መጨረሻ ጀምሮ በአንድ ዓመት ውስጥ 181 ሰው ቫይረሱ ተገኘበት። ያን ጊዜ ነው የተቆጠሩት። ከዚያ ወዲህ የፌደራሉ የበሽታ መከላከያ ማዕከል በ2016 እንደዚያ ሊሆኑ የሚችሉ 220 ካውንቲዎችን ለየ። የሚወጋውን በቀጥታ መቁጠር ስላልቻለ የተጠቀመው በመርፌ በሚተላለፈው የጉበት በሽታ በሄፓታይተስ ሲ፣ በዕፅ በሞቱት ቁጥር፣ በሥራ አጥነትና በገቢ ነው።

አሁን ደግሞ ነገሩ ተቀይሯል። ፌንታኒል የሚባለውን፣ ከሄሮይን እጅግ የበረታ ሰው ሠራሽ ዕፅ የሚያጨሰው በዝቷል። ማዕከሉ ባየባቸው ቦታዎች፣ ዕፅ ገድሏቸው የመርፌ ምልክት የተገኘባቸው ሰዎች ድርሻ በ2020 መጀመሪያ ከነበረበት 22.7 በመቶ በ2022 መጨረሻ ወደ 16.1 ወርዷል። የማጨስ ምልክት የተገኘባቸው ከ13.3 ወደ 23.1 ወጥተዋል። ስለዚህ የ2018ን ቁጥር ዛሬ ላይ «አሁን ያለው» ብሎ የሚያቀርብልዎት ጽሑፍ ካለ ይለፉት።

የኛን ልጆች በተመለከተ፣ ጋሼ፣ ቁጥር የሚሰጥዎት ሰው ካለ አይመኑት። በአብዛኛው መዝገብ ላይ ያለው ሳጥን «ጥቁር ወይም አፍሪካዊ አሜሪካዊ» ብቻ ነው የሚለው፤ ሐበሻውን ለይቶ አያወጣም። ያ ትልቁ የቤት ለቤት መጠይቅ ደግሞ በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ ብቻ ነው የሚካሄደው። በር ከፍቶ አማርኛ ብቻ የሚናገር ሰው ዝም ተብሎ ይታለፋል።

ናርካን ግን ታክሲዎ ውስጥ ይያዙ፤ ዕፅ በዝቶበት ራሱን የሳተን ሰው ትንፋሽ የሚመልስ መድኃኒት ነው። ከ2023 ጀምሮ ያለ ሐኪም ማዘዣ ይሸጣል። አፍንጫ ውስጥ የሚረጭ ነው፤ ለፌንታኒልም ለሄሮይንም ይሠራል። ተሳፋሪ ራሱን ስቶ ትንፋሹ ካጠረ ረጭተው ወዲያው 911 ይደውሉ።