ጥያቄና መልስ፦ ጨረር የደም ሥርን ያደርቃል ወይስ ያበቅላል?

ለዛሬ ጥያቄዎቻችሁ መልስ የሚሰጡት የካንሰር ጨረር ሕክምና ስፔሻሊስት የሆኑ አባላችን ናቸው።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ጨረር የደም ሥርን ይገድላል ሲባል እሰማለሁ። እናቴ ግን ለማኅፀን በር ካንሰር የጨረር ሕክምና ከወሰዱ ከዓመት በኋላ ሰገራቸው ደም ቀላቀለ፤ የምርመራው ውጤትም አዳዲስ የደም ሥሮች መብቀላቸውን ይገልጻል። ይህ እንዴት ይሆናል?

ዶክተሩ፦ ሁለቱም እውነት ነው፤ አንደኛው የሌላው ውጤት ነው። ጨረሩ የሚጎዳው የደም ሥርን ውስጠኛ ገጽ የሚሸፍኑትን ሴሎች ነው። ግድግዳቸው ከአንድ ሴል የማይወፍረው እጅግ ቀጫጭን ሥሮች ቀድመው ሲጠፉ፣ ትንንሾቹ ደም ቅዳዎች ደግሞ በወራትና በዓመታት ውስጥ ግድግዳቸው እየወፈረ ይጠባሉ። ኦክስጅን ያጠረው ሥጋ ቪኢጂኤፍ የተባለውን የደም ሥር አብቃይ ፕሮቲን ያመነጫል፤ በዚህ ጥሪ የሚበቅሉት ሥሮች ግን ስስ፣ የተለጠጡና ጠማማ ስለሆኑ ሰገራ ሲነካቸው ይደማሉ። ሥር በቀለ ማለት ሥጋው ዳነ ማለት አይደለም። የደሙ ምንጭ በመሣሪያ ታይቶ ይረጋገጥ፤ ሆኖም በጨረር መታከማቸው ሳይነገር ከፊንጢጣው የፊት ግድግዳ ናሙና አይቆረጥ፤ ቁስሉ አልድን ብሎ ፊስቱላ (ሁለት አካላትን የሚያገናኝ ያልተገባ ቀዳዳ) ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ የሞባይል ጨረርስ?

ዶክተሩ፦ የተለየ ዓይነት ጨረር ነው። ርዕሳችን አይደለም።

ጥያቄ፦ አባቴ ከአራት ዓመት በፊት አፋቸው ውስጥ ለነበረ ካንሰር በጨረር ታክመዋል። አሁን የታችኛው መንጋጋ ጥርሳቸው ይነቀል ተብሏል።

ዶክተሩ፦ በጨረር መታከማቸውን ለጥርስ ሐኪሙ ሳይነግሩ እንዳያስነቅሉ! የታችኛው መንጋጋ ቀድሞውንም የደም አቅርቦቱ አነስተኛ ነው፤ ድምሩ 60 ግሬይ (ግሬይ ሰውነት የተቀበለው የጨረር መጠን መለኪያ ነው) ገደማ የደረሰ ጨረር ካገኘው፣ ከዓመታት በኋላም ቢሆን የተነቀለበት ቦታ ሳይድን ቀርቶ አጥንቱ ሊሞት ይችላል። መነቀል ያለበት ጥርስ ቢቻል ጨረሩ ከመጀመሩ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀድሞ ይነቀላል።

አንድ አባል፦ ግፊት ባለው ክፍል ኦክስጅን ቢወስዱ ሥሮቹ ተመልሰው ይበቅላሉ።

ሌላ አባል፦ ይህ የቆየ አስተሳሰብ ነው፤ ጥቅሙ አልተረጋገጠም።

አንድ አባል፦ ታዲያ በውጭ አገር ለምን ይሰጣል?

ዶክተሩ፦ ክርክሩ ይብቃ። ሐሳቡ በስፋት የታወቀው አሜሪካዊው የአፍና የመንጋጋ ቀዶ ሐኪም ሮበርት ማርክስ በ1983 እ.ኤ.አ. ካቀረበው ማብራሪያ ነው፤ በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመው የብሪታንያ ጥናት ግን ከጥርስ ነቀላ በፊትና በኋላ ኦክስጅኑን መውሰድ የመንጋጋን ሞት እንደሚከላከል አላሳየም። አስቀድሞ ለመከላከልና የደረሰን ጉዳት ለማከም መስጠት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው፤ እየቀላቀላችሁ አትከራከሩ።

ጥያቄ፦ ጨረር ለደም ሥር ጎጂ ነው?

ዶክተሩ፦ ስንት ግሬይ? የት አካል ላይ? በስንት ቀን ተከፋፍሎ? የደረት ራጅ የአንድ ግሬይ ሺኛ እንኳ አይሞላም፤ ሕክምናው ግን በተለመደው አሰጣጥ በቀን 2 ግሬይ ያህል እየሆነ ለሳምንታት ይቀጥላል። መጠኑን ሳትጽፉ አትጠይቁኝ።

ጥያቄ፦ እኔም ጥርስ ስለማስነቀል ልጠይቅ ነበር።

ዶክተሩ፦ ከላይ ተመልሷል። ለጥርስ ሐኪሙ ይንገሩ።