ፈርሞ የገባ ሁሉ አለ ማለት ነው?

ስለ መምህራን ጫናና ለመሥሪያ ቤት ስለ መታመን ከየወሎው ጥያቄ ልካችኋል። አብሽሩ፣ የማንንም ስም አልጠራም።

ከወልድያ፦ ጋሼ፣ ጫና የበዛበት መምህር ለምን ለቅቆ አይሄድም?

የት ይሂድ? ሜየርና አለን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1991 ለድርጅት መታመንን ሦስት ቦታ ከፍለውታል። አንዱ ወድዶ ይቆያል። አንዱ ቢለቅ የሚያጣው በዝቶበት ይቆያል። አንዱን ደግሞ ይሉኝታ ይይዘዋል። ጫና ቀድሞ የሚበላው ወድዶ መቆየቱን ነው። ሰውዬው ግን ጠዋት መጥቶ ይፈርማል፣ አለቃውም “አለ” ብሎ ይተኛል።

በራሴ የደረሰውን ልንገራችሁ። የተማሪ ማርክ የሚጠቃለልበትን ሮስተር ስሠራ መብራት ጠፋ። የ70 ልጅ ማርክ በሻማ እየደመርኩ አንድ ቁጥር ስቼ ሙሉውን እንደ አዲስ ጻፍኩ። ጠዋት ስብሰባ ላይ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ “አንተ መቼም ሰነፍ ነህ” ተባልኩ። የሌሊቱን ድካም በሁለት ቀን ረሳሁት። ከዚያች ቃል በኋላ ግን ከክፍለ ጊዜዬ ውጪ አንድ ደቂቃ ቆይቼ አላውቅም። መቅረት? አንድም ቀን!

ከደሴ፦ ተማሪ ላይ መነጫነጭ አብዝቻለሁ። ታምሜ ይሆን?

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 በሥራ መዛልን ከሥራ የሚመጣ ክስተት እንጂ በሽታ አላለውም። ምልክቶቹ ሦስት ናቸው፦ አቅም ማለቅ፣ ሥራው ማስጠላት፣ “ምንም አልሠራሁም” የሚል ስሜት። እንቅልፍ ከነሳሽ ግን ሐኪም ጋ ሂጂ።

ከመርሳ፦ ደሞዝ ቢጨመር አያልፍም?

ይጨመር እንጂ፣ ማን ይጠላል! ግን ዝውውር በዘመድ ከሆነ ጭማሪው ንዴቱን አያበርደውም።

ከኮምቦልቻ፦ በ2014 ጦርነት ትምህርት ቤታችን ተዘርፎ ልጆቹን ድንጋይ ላይ አስቀምጠን አስተማርን። አሁን ወንበር መጣ፣ እኛ ግን ዛልን። ምን ነካን?

ያኔ ማንም ሪፖርት አልጠየቃችሁም፣ ያስተማራችሁት ለልጆቹ ነው። ለልጅ መታመንና ለቀጣሪ መታመን ለየቅል ናቸው። ሁለተኛው ሲሞት የመጀመሪያው ብዙ ጊዜ ይተርፋል። ቀጣሪውም የሚኖረው በዚያ ትርፍ ነው፣ እውነቱን ለመናገር።

ከከሚሴ፦ ርዕሰ መምህር ነኝ፣ በጀት የለኝም። ምን ላድርግ?

አንዱን ሪፖርት ሦስት ጊዜ አታስጽፍ። የመጨረሻዋን ክፍለ ጊዜ ሁልጊዜ ለአንድ ሰው አትስጥ። የምትቆጣውንም ቢሮህ ጠርተህ፣ በሩን ዘግተህ ተቆጣ።