«ዘ ድራጎን ፕሪንስ» ተመልሷል፤ ጠይቁኝ

የዚህ አኒሜሽን ተከታታይ አራተኛ ሲዝን ኖቬምበር 3 ቀን 2022 ኔትፍሊክስ ላይ ወጣ። ዘጠኙንም ክፍል ሁለት ጊዜ አይቻለሁ፤ አንዴ በጥድፊያ፣ አንዴ በእርጋታ። ጠይቁኝ ብዬ ነበር፣ ጥያቄው ጎረፈ። ያላያችሁ እዚሁ ተመለሱ፤ ታሪኩን ሳልደብቅ ነው የምመልሰው።

ጥያቄ፦ የድሮውን ረስቼዋለሁ። ከመጀመሪያው ልጀምር?

መልስ፦ ሦስተኛውን ብቻ ድገመው። እሱ የወጣው በ2019 መጨረሻ ነው፤ ብትረሳው አይፈረድብህም። በታሪኩ ውስጥም ሁለት ዓመት አልፏል። ዋናው ልጅ ካለም የካቶሊስ መንግሥት ዋና አስማተኛ ሆኗል። ወንድሙ፣ ትንሹ ንጉሥ ኤዝራን፣ ረዝሟል። የካለም ፍቅረኛ ሬይላ ግን የለችም፤ እሷ ከኤልፎች፣ ሹል ጆሮ ካላቸው አስማተኛ ሕዝቦች፣ ወገን ናት።

ጥያቄ፦ እሷ ለምን ሄደች? ገብቶሽ ከሆነ ንገሪኝ።

መልስ፦ የጥቁር አስማተኛውን የቪረንን መሞት በዓይኗ ማረጋገጥ ስለፈለገች ነው። ካለም አብሮ እንዳይመጣ ብላ ሳትነግረው ሄደች። ሙሉ ታሪኩ ያለው በ2020 በወጣ የኮሚክ መጽሐፍ ውስጥ ነው። እዚህ ላይ ተናድጃለሁ። የሁለቱ ፍቅር የተሰበረበትን ቀን ተመልካቹ ሌላ መጽሐፍ ገዝቶ እንዲያነበው መጠበቅ ምን ማለት ነው? ሬይላ ስትመለስ የካለም ኩርፊያ ከሰማይ የወረደ የሚመስለን ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ቀልዱ አልበዛም?

መልስ፦ በዝቷል። የቪረንን ልጅ ሶረንን እወደዋለሁ፣ ግን ሰው ሊያለቅስ ሲል ሁሉ መሃል መግባት የለበትም።

ጥያቄ፦ የሲዝኑ ምርጥ ገጸ ባሕርይ ማን ነው? ኤዝራን እንዳትዪኝ ብቻ።

መልስ፦ ክላውዲያ። ማንም አይቀርባትም። ሁለት ዓመት ሙሉ አባቷን ቪረንን ከሞት ለመመለስ ደከመች፣ ተሳካላት። ግን ቪረን የሚቆየው 30 ቀን ብቻ ነው። ከዚያ በላይ እንዲኖር ከፈለገች ኃያሉን ኤልፍ አራቮስን ከእስር ቤቱ ማስፈታት አለባት። በቃ፣ የሲዝኑ ሞተር ይሄ ነው። ጀግኖቻችን ዓለምን ለማዳን ይሮጣሉ፤ «ዓለም» ደግሞ ሩቅ ነገር ነው። እሷ የምትሮጠው ለአባቷ ነው፣ ቀን እየቆጠረች።

ደግሞ ክፉ ሆና አትታይም። እንደ ድሮው ትቀልዳለች፣ ትስቃለች፣ ፍቅር ይዟታል። ፍቅረኛዋ ቴሪ ከምድር ኤልፎች ወገን የሆነ፣ ነፍሱ የለሰለሰች ልጅ ነው። እሷን ለማዳን ሲል አይቢስ የሚባለውን አስማተኛ ኤልፍ የሚገድልበት ትዕይንት ትዝ ይላችኋል? የገደለው ልጅ ራሱ ይፈርሳል፣ እሷ ታጽናናዋለች። የምታጽናናበት ቅልጥፍና ነው እኔን ያስፈራኝ። ይሄን መንገድ ለምዳዋለች ማለት ነው። ሁለተኛ ሳየው እዚያ ላይ አቁሜ ሻይ ላፈላ ተነሳሁ።

ጥያቄ፦ አራቮስ ካለምን እንዴት ተቆጣጠረው? ልጁ ጥሩ አይደል እንዴ?

መልስ፦ ጥሩ ነው፣ ግን በሁለተኛው ሲዝን አንድ ጊዜ ጥቁር አስማት ነክቷል። ያውም ሬይላን ለማትረፍ። ጥቁር አስማት ኃይሉን የሚቀዳው ከአስማታዊ ፍጥረታት ሕይወት ነው፤ አንዴ ከገባህበት ደግሞ ወለም ዘለም የለም። አሁን ካለም ሬይላን «ዳግም ከያዘኝ ግደይኝ» ይላታል። እስቲ ከክላውዲያ ጋር አስተያዩት። እሱም የጀመረው እንደሷ ነው፣ የሚወደውን ሰው ለማዳን። ጸሐፊዎቹ ይሄን ገመድ እስከ መጨረሻው ከሳቡት ምርጥ ታሪክ ይወጣዋል።

ጥያቄ፦ ስንት ሲዝን ይቀራል?

መልስ፦ አራተኛው ሲወጣ ሦስት ይቀሩ ነበር፤ ሰባተኛው በ2024 ወጥቷል። በጠቅላላው ሰባት እንደሚሆን በ2020 ተነግሮ ነበር። ሲዝኖቹ የሚሰየሙት በአስማት ምንጮች ነው፦ ጨረቃ፣ ሰማይ፣ ፀሐይ፣ በአራተኛው ደግሞ ምድር። ያኔ የቀሩት ውቅያኖስና ከዋክብት ነበሩ። ምንጮቹ ስድስት፣ ሲዝኑ ሰባት! ሰባተኛው ጥቁር አስማት ካልሆነ ከዚህ በኋላ ጠይቁኝ አልልም ብዬ ነበር።

ጥያቄ፦ አኒሜሽኑስ?

መልስ፦ ያማረ ነው። የመጀመሪያው ሲዝን መቆራረጥ ከሁለተኛው ጀምሮ ተስተካክሏል። ሬክስ ኢግኒየስን፣ ያንን ተራራ የሚያህል የምድር ድራጎን፣ በትልቅ ስክሪን እዩት።

ጥያቄ፦ የአማያና የጃናይ ነገር አይረዝምም?

መልስ፦ ለኔ አጠረብኝ። አማያ መስማት የማትችል የካቶሊስ ጄኔራል ናት፣ እጮኛዋ ጃናይ ደግሞ የፀሐይ ኤልፎች ንግሥት፤ አማያ በምልክት ቋንቋ ስትናገር እጇ ላይ ቁጣዋም ፍቅሯም ይታያል። የጃናይ ወንድም ካሪም ትዳራቸውን መቃወሙ ደግሞ ከክፋት ብቻ አይደለም። ከተማው የወደመበት፣ ወጉ እየጠፋ የሚመስለው ሰው ነው። አልደግፈውም፣ ግን ይገባኛል።

ጥያቄ፦ ካለም ሬይላን ይቅር ማለት አለበት?

መልስ፦ አይቸኩል። ወላጆቿና ያሳደጋት ሩናን በቪረን አስማታዊ ሳንቲሞች ውስጥ ታስረዋል፣ ይሄን አሁን አውቃለች። ለካለም ግን ትንፍሽ አላለችም። ሁለት ዓመት ጠፍታ መጥታ እንደገና ምስጢር! እኔ እሱን ብሆን መጀመሪያ ኪሷን እፈትሽ ነበር።