ነጭ ዓሣው መስታወቱን ለምን ይገጫል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

የጣናን ዓሦች ቤት ውስጥ ስለማቆየት የሚጽፉልኝ ሰዎች እየበዙ ነው። ደስ ይለኛል። ሐይቁ ዳር ተወልደን ዓሣውን የምናውቀው ጥብስና ጉላሽ ሆኖ ብቻ መሆኑ ሁልጊዜ ይቆጨኛል። ዛሬ አራት ጥያቄ እመልሳለሁ። የመጀመሪያው ላይ ትንሽ እቆያለሁ።

«ጋሼ፣ ከሦስት ዓመት በፊት ከአንድ ዓሣ አጥማጅ ሁለት ነጭ ዓሣና አንድ አምባዛ በሕይወታቸው ገዛሁ። ያኔ ጣት ነበር የሚያክሉት። ሳሎን ውስጥ 1 ሜትር ርዝመት ባለው አኳሪየም ነው ያሳደግኋቸው። አሁን ነጮቹ ስንዝር ተኩል ሆነዋል፤ ቀን ሙሉ መስታወቱን ይገጫሉ። አንዱ ከንፈሩ ቆስሏል። አምባዛው ደግሞ በቀደም ሌሊት ክዳኑን ገፍቶ ወጥቶ ወለሉ ላይ አገኘነው፤ ግን አልሞተም። ዓሣ እንደ ገንዳው ልክ ነው የሚያድገው ብለውኝ ነበር። ምን ላድርግ?» — ከአባይ ማዶ

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ዛሬውኑ የምታደርገውን ልንገርህ። የገንዳውን ሦስት ጎን በወፍራም ወረቀት ሸፍንላቸው። መብራቱንም ቀንስ። ዓሣው መስታወት መኖሩ አይታየውም፤ በዚያ በኩል መንገድ ያለ ስለሚመስለው ነው የሚታገለው። ጎኑ ሲጨልምለት ይረጋጋል። አምባዛውን ለብቻው አውጣው። ለቆሰለው ከንፈር በ1 ሊትር ውሃ 2 ግራም የምግብ ጨው ይበቃል። በሌላ ዕቃ አሟሟው፤ ከዚያ ቀስ እያልክ ጨምረው። ጨው ከውሃው ጋር አይተንም፤ ስለዚህ ውሃ ስትቀይር ላወጣኸው ውሃ የሚሆነውን ብቻ ነው የምትተካው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። «ዓሣ እንደ ገንዳው ልክ ያድጋል» የሚባለውን አትመን። ጠባብ ገንዳ ውስጥ ያለ ዓሣ የሚቀጭጨው ውሃው በገዛ ቆሻሻው ስለሚበላሽበት ነው። ዓሣ የበላው ነገር አሞኒያ የሚባል መርዝ ሆኖ በመተንፈሻ ስንጥቡ በኩል ይወጣል። ያንን አሞኒያ የሚያረክሱት ማጣሪያው ውስጥ የሚራቡ ባክቴሪያዎች ናቸው። እነሱም በአዲስ ገንዳ ውስጥ ለመደላደል ከአንድ ወር በላይ ይወስድባቸዋል። ዓሣው ሲያድግ የሚበላው ይጨምራል፣ ቆሻሻውም ይጨምራል፤ ማጣሪያው ግን ያው የድሮው ነው። የቀጨጨ ዓሣ ታሞ የቆየ ዓሣ ነው።

ስለ ነጭ ዓሣ ደግሞ አንድ ነገር ላሳይህ። ገበያ ስትሄድ አንዱን አንሳና አፉን ክፈተው። ጣትህን መንጋጋው ላይ አሳልፈው። ጥርስ የለም፤ ለስላሳ ነው። ጥርሱ ያለው ጉሮሮው ውስጥ ነው፤ ምግቡን የሚፈጨው እዚያ ነው። ነጭ ዓሣ የምንለው ደግሞ አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም፤ ጣና ውስጥ ከ15 የማያንሱ ዓይነቶች አሉት፤ አብዛኞቹ በዓለም ላይ ከዚህ ሐይቅ በቀር አይገኙም። ከእነሱ ውስጥ ስምንቱ ሌላ ዓሣ እያሳደዱ የሚበሉ ናቸው። መንጋጋው ላይ ጥርስ የሌለው አዳኝ የሚኖረው በፍጥነቱ ነው። ፍጥነት ደግሞ ቦታ ይፈልጋል።

የጣና ስፋት ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ይህም ለብዙዎቹ አይበቃቸውም። ክረምት ሲገባ ወንዝ ይወጣሉ፤ ጉማራን፣ ርብን፣ መገጭንና ግልገል አባይን ተከትለው ይሄዳሉ። እንቁላላቸውን የሚጥሉት ንጹሕና ፈጣን ውሃ በሚያልፍበት ጠጠር ላይ ነው። ወንዝ አፍ ላይ መረብ ዘርግቶ እነዚህን ዓሦች መያዝ በጣም ቀላል ነው። ቁጥራቸው የተመናመነበት አንዱ ትልቅ ምክንያትም ይኸው ነው። እንግዲህ ያንተ ዓሦች ከእነዚህ ናቸው። ቀን ሙሉ መስታወት የሚገጩትም መሄጃ አጥተው ነው።

እስቲ እናስላው። 1 ሜትር በ50 ሴንቲ ሜትር በ50 ሴንቲ ሜትር የሆነ ገንዳ 250 ሊትር ይይዛል። ነጭ ዓሣ ግማሽ ሜትርን ሊያልፍ ይችላል። ለእንዲህ ያለ ዓሣ እኔ ከ3 ሜትር ርዝመት፣ ከ1 ሜትር ተኩል ስፋትና ከ1 ሜትር ጥልቀት በታች አልመክርም። ይህ 4,500 ሊትር ነው፤ ውሃው ብቻውን አራት ቶን ተኩል ይመዝናል። ሳሎን ውስጥ፣ ያውም ፎቅ ቤት ከሆነ፣ የሚታሰብ አይደለም። ግቢ ካለህ ክብ ገንዳ ሥራላቸው። ማዕዘን የሌለው ገንዳ ውስጥ ዓሣው ሳይገታ ይዞራል፤ ፓምፑ ውሃውን ካዞረለት ደግሞ ፊቱን ወደሚመጣው ውሃ አድርጎ ይዋኛል። ግቢ ከሌለህ ገንዳ ላለው ሰው ስጣቸው። ሁለተኛ ነጭ ዓሣ አትግዛ። ይህን የምልህ ዓሣውን ስለምወደው ነው።

አምባዛው ወለል ላይ ወድቆ ያልሞተው ከስንጥቡ በላይ እንደ ቅርንጫፍ የተዘረጋ ሌላ መተንፈሻ ስላለው ነው። ቆዳው እስኪደርቅ ድረስ አየር እየሳበ ይቆያል። ክዳኑ ላይ ከባድ ነገር አድርግ፤ ግን ውሃውን እስከ አፉ አትሙላው። በውሃውና በክዳኑ መካከል አየር የሚጎርስበት ቦታ ይኑር። አምባዛ ከ1 ሜትር በላይ የሚያድግ ዓሣ መሆኑን፣ አፉ የሚበቃውን ሁሉ እንደሚውጥም አትርሳ።

«መብራት ሌሊት ጠፍቶ አደረ። ጠዋት ስነሳ ነጭ ዓሣው ሞቷል። ቀረሶዎቹ ውሃው አናት ላይ አፋቸውን እየከፈቱ ነበር። አምባዛው ግን ምንም አልሆነም። ውሃው ያው አንድ ውሃ ነው፤ ልዩነቱ ከምን መጣ?» — ከሽምብጥ

መብራት ሲጠፋ ፓምፑ ይቆማል፤ ነጭ ዓሣውን የገደለው የኦክስጅን እጥረት ነው። ነጭ ዓሣ በጣም ይፈልገዋል፣ ቀረሶ በትንሹ ይታገሣል፣ አምባዛ ከላይ አየር ይጎርሳል። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን በባሕር ጠለል ላይ ከሚይዘው 20 በመቶ ያህል ያንሳል። ከውጭ የሚመጡ መመሪያዎች «በዚህን ያህል ሊትር ይህን ያህል ዓሣ» ሲሉ ይህን አያስቡልንም፤ እኛ ቁጥሩን መቀነስ አለብን። ውሃ ሲሞቅ ደግሞ የሚይዘው ኦክስጅን ይበልጥ ይቀንሳል፤ ስለዚህ በመጋቢትና በሚያዝያ ይባስ ተጠንቀቅ።

መብራት ሲጠፋ ምግብ አትስጥ። የበላ ዓሣ ብዙ ኦክስጅን ይጨርሳል። ውሃውን በጆግ እየቀዳህ ከፍ አድርገህ መልሰህ አፍስሰው፤ በየሩብ ሰዓቱ ደጋግመው። በባትሪ የሚሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ ብታገኝ ብዙ ጭንቀት ይቀንስልሃል። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ደግሞ አለ። በክዳን የታሸገ ማጣሪያ መብራት ጠፍቶ ለሰዓታት ቆሞ ከቆየ ውስጡ ያሉት ባክቴሪያዎች ይሞታሉ፤ ውሃውም ይሸታል። መብራት እንደመጣ ዝም ብለህ አታስነሳው። ክፈተው፣ ያንን ውሃ ድፋው፣ ስፖንጁን ከገንዳው በቀዳኸው ውሃ እጠበው፤ ከዚያ አስነሳው። በቧንቧ ውሃ ካጠብከው ክሎሪኑ የተረፉትንም ባክቴሪያዎች ይጨርሳቸዋል።

«በትምህርት ቤታችን ግቢ ተማሪዎች የሚያዩት የቀረሶ ገንዳ ልናሠራ ነው። የሲሚንቶ ገንዳ ይሻላል? ምን እናብላቸው? ክረምትና በጋው አይጎዳቸውም?» — አንዲት መምህርት፣ ከዘንዘልማ

እትዬ፣ በጣም ጥሩ አስበዋል። ከጣና ዓሦች ውስጥ ለግቢ የሚስማማው ቀረሶ ነው። ሲሚንቶ ጥሩ ነው፤ ግን አዲስ ሲሚንቶ ውሃውን ያቆመጥጠዋል ብለው እንዳይገምቱ፣ የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው። ኖራው እየሟሟ ውሃውን ዓሣ የማይችለው ያደርገዋል። ሞልተው ጥቂት ቀን ያቆዩት፣ ይድፉት፣ እንደገና ይሙሉት። ይህን ለሁለትና ሦስት ሳምንት ቢደጋግሙት ነው ዓሣ የሚገባበት። የቧንቧ ውሃም ከሆነ ክሎሪኑ እንዲወጣ አንድ ሁለት ቀን ክፍቱን ይደር።

ለምግብ ፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ ይበቃል። ቀረሶ ውሃው ውስጥ የሚበቅለውን አረንጓዴ ነገርም ይበላል፤ ስለዚህ ውሃው ትንሽ አረንጓዴ ቢሆን አይደንግጡ። ልጆቹ እንጀራና ዳቦ እንዳይጥሉ ግን ጥብቅ ትእዛዝ ይስጡ፤ ውሃውን የሚያበላሸው እሱ ነው። የሚያስጨንቀው ወር ታኅሣሥና ጥር ነው። የባሕር ዳር ሌሊት ይቀዘቅዛል፣ ትንሽና ጥልቀት የሌለው ገንዳ ደግሞ ቶሎ ይቀዘቅዛል። ጥልቀቱን ከ1 ሜትር አያሳንሱት። ውሃው ከ20 ዲግሪ በታች ሲወርድ ቀረሶ ብዙም አይበላም፤ ያኔ ምግቡን ይቀንሱለት።

ልጆቹ በጣም የሚወዱትን አንድ ነገር ልንገርዎት። ወንዱ የገንዳው ወለል ላይ አፈር ካገኘ በአፉ እየዛቀ ክብ ጎድጓዳ ይሠራል፤ ሌላ ወንድ አያስጠጋም። ስለዚህ አንድ ሁለት ካሬ ሜትር የአፈር ቦታ ይተዉለት። ሴቷ እንቁላሏን አፏ ውስጥ ትይዛለች። ያን ጊዜ አትበላም፤ አገጯ ወደ ታች ያበጠ ይመስላል። ተፈልፍለው መዋኘት ከጀመሩ በኋላም ጥላ ሲያልፍባቸው ጫጩቶቹ ተመልሰው አፏ ውስጥ ይገባሉ። ልጆቹ ጸጥ ብለው ገንዳው ዳር ከተቀመጡ ይህን በዓይናቸው ያዩታል። የሚያስቸግረው ቀረሶ ቶሎ መዋለዱ ነው። ሲጨናነቁ ገና በትንሽነታቸው መራባት ይጀምራሉ፣ እድገታቸውም ይቆማል። በየጊዜው ማሳነስ ይኖርብዎታል፤ የወጣውን መጥበስ ምንም ነውር የለበትም።

«ቤት ስለምንቀይር ዓሦቼን ወደ ጣና ልለቃቸው አስቤያለሁ። ሁለት ነጭ ዓሣና ከአዲስ አበባ ያመጣኋቸው ቀያይ ጌጥ ዓሦች ናቸው። መልካም ሥራ አይደለም?» — ከግሽ አባይ

አይደለም፤ እባክህን አትልቀቃቸው። ጌጥ ዓሦቹን ፈጽሞ። ነጮቹንም ቢሆን፣ ከሌላ ቦታ ከመጣ ዓሣ ጋር አንድ ውሃ ውስጥ ስለኖሩ በሽታና ጥገኛ ትል ይዘው ሊሆን ይችላል። የጣና ዓሦች ከታች ካለው አባይ በጢስ አባይ ፏፏቴ ተለይተው ነው የኖሩት፤ ያ 40 ሜትር ገደማ ገደል ከሱዳን በኩል የሚመጣን ዓሣ አያሳልፍም። ያንን አጥር በባልዲ ተሻግረን ማፍረስ የለብንም። እምቦጭ ጣና ላይ መታየት ከጀመረ ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ምን እንዳደረገ ሁላችንም አይተናል፤ ስንት ገበሬ አረሙን በእጁ ሲነቅል ከረመ። አንዴ የገባ ነገር እንዲህ በቀላሉ አይወጣም።

ገንዳ ላለው ሰው ስጣቸው። ሰው ካጣህ ባሕር ዳር ያለው የዓሣ ምርምር ማእከል ሄደህ ባለሙያ አማክር። ገንዳውን ስታጥብም ውሃውን ወደ ቦይ አትድፋው፤ ቦዩ ሐይቁ ውስጥ ነው የሚገባው። አትክልት ላይ አፍስሰው፤ ለጎመንም ለሙዝም ጥሩ ማዳበሪያ ነው።