መጠይቃችሁ ለምን ይዋሻል? የዛሬው ጥያቄና መልስ

ዶክተር፦ ለአንድ ሰዓት አለሁ። ስለ ቢዝነስ ጥናት መጠይቅ ጠይቁ። ቴሲስ አልጽፍም።

ሰሚራ፦ የአመራር ስልትና የሠራተኛ አፈጻጸም ነው የማጠናው። ሁለቱንም የሞሉልኝ ሠራተኞቹ ናቸው። መልሶቹ ሁሉ ከአንድ ሰው በመምጣታቸው የሚፈጠረውን አድልዎ ይፈትሻል የሚባለው ሃርማን ቴስት 38 በመቶ ሰጠኝ። አለፍኩ አይደል?

ዶክተር፦ ቴስቱን እንጂ ችግሩን አላለፍሽም። አንድ ሰው ባንድ ቁጭታ ለአለቃውም ለራሱም ነጥብ ሲሰጥ የዕለቱ ስሜቱ ሁለቱም ላይ ያርፋል። ደሞዝ የገባ ዕለት አለቃውም ደግ፣ እሱም ጎበዝ ነው። ዝምድና ብለሽ የምትዘግቢው ከፊሉ ይኸው ሊሆን ይችላል። ሃርማን የሚያየው የመጀመሪያው ፋክተር (ከመልሶቹ ጀርባ ያለ የጋራ መነሻ) ብቻውን በመልሶቹ ካለው ልዩነት ግማሹን ይይዛል ወይ የሚለውን ነው። አድልዎ እያለም ያሳልፋል። መድኃኒቱ ከመሰብሰብ በፊት ነው፦ አመራሩን ከሠራተኛው፣ አፈጻጸሙን ከአለቃው ወይ ከመዝገብ። ካልሆነ በሳምንታት ልዩነት ጠይቂ። ሊንዴልና ዊትኒ በ2001 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት ማርከር ቫሪያብልም (ከጥናቱ ጉዳይ ጋር የማይገናኝ፣ ለማነጻጸሪያ የሚገባ መለኪያ) ቢሆን መጠይቁ ውስጥ ቀድሞ መግባት አለበት። አሁን የቀረሽ ውስንነቱን ሳትደብቂ መጻፍ ነው።

ኪያ፦ ጥያቄዎቼ እርስ በርስ መጣጣማቸውን የሚለካው አልፋዬ 0.93 ነው። ዳታዬ አሪፍ ነው ማለት ነው?

ዶክተር፦ አይደለም። ሁሌ ሁለት መቶ ግራም የሚያጎድል ሚዛንም አይዋዥቅም።

የማነ፦ ስለ ባያስ (አድልዎ) ቢያብራሩልን?

ዶክተር፦ የቱን?

ቤዛ፦ ነጋዴዎች ሽያጫቸውን አይናገሩም። ምን ላድርግ?

ዶክተር፦ መርካቶ አንድ የሳሙና ነጋዴ ጠይቄ ነበር። «ምን ሽያጭ አለ፣ ገበያው ሞቷል» አለኝ። ከኋላው ልጁ ሦስተኛ ጋሪ እየጫነ ነው። ለሱ «የወር ሽያጭዎ ስንት ብር ነው?» ማለት ግብር ማለት ነው። በማግስቱ «ትናንት ስንት ካርቶን ወጣ?» አልኩት። ሳያስብ ቆጠረልኝ። ብር ሳይሆን ካርቶን፣ ወር ሳይሆን ትናንት ጠይቂ። ስሙንም አትጻፊ። ይህም ከመሰብሰብሽ በፊት!

ዳዊት፦ እኔ እንደሚመስለኝ ችግሩ ከ«በጣም አልስማማም» እስከ «በጣም እስማማለሁ» ያለው የመልስ ምርጫ አምስት ነጥብ መሆኑ ነው። ሰባት ይሁን።

ትዕግስት፦ ሰባት? «በመጠኑ እስማማለሁ» እና «በከፊል እስማማለሁ» ልዩነታቸው ምንድን ነው?

ዳዊት፦ እኔ ጋ ሠርቷል።

ትዕግስት፦ የባንክ ሠራተኛ ነዋ የጠየቅከው! እስቲ አትክልት ተራ ሂድና ሞክረው።

ዳዊት፦ አትክልት ተራማ አምስቱም አይሠራም።

ዶክተር፦ በቃችሁ። ነጥቡን ተዉትና «ሥራዬን የመልቀቅ ሐሳብ የለኝም» የምትሉትን አስተካክሉ። «አልስማማም» ያለ ሰው ሊለቅ ነው ወይስ ሊቆይ? መላሹ ራሱ ይምታታበታል።

አቤል፦ ዶክተር፣ ሃርማን ቴስቴ 41 በመቶ ወጣ። ችግር አለው?

ዶክተር፦ አቤል፣ የሰሚራን አንብብ።

አቤል፦ የሷ እኮ 38 ነው።