ወተት አቧራ አያወጣም፦ ስለ ሥራ ቦታ አደጋና ጤና የሐዋሳ ሠራተኞች ጥያቄዎች

ጥያቄዎቹ የመጡት ሐዋሳ ውስጥ በስፌት ፋብሪካ፣ በእንጨትና በብረታ ብረት ቤቶች እንዲሁም በግንባታ ከሚሠሩ ሰዎች ነው። መልሱን የሚሰጠው የሙያ ደህንነትና ጤንነት ባለሙያ ነው። ተመሳሳይ የሆኑት ጥያቄዎች ባንድ ላይ ተጠቃለዋል።

ጥያቄ (ከእንጨት ሥራ ቤት፣ መናኸሪያ)፦ አሠሪያችን ለአቧራው ብሎ በየቀኑ ግማሽ ሊትር ወተት ይሰጠናል። ይበቃል?

አይበቃም። ወተት የሚወርደው ወደ ጨጓራ ነው፣ አቧራ የሚገባው ደግሞ ወደ ሳንባ። ወተቱን ጠጡት፣ ምግብ ነው፤ ነገር ግን ከሳንባችሁ አንዲት ቅንጣት አያወጣም። ለቀለም ሽታም ሆነ ለብየዳ ጭስ ያው ነው። ይህ ልማድ በአገራችን ሥር የሰደደው ለአሠሪ ርካሽ ስለሆነ ይመስለኛል።

የጠንካራ እንጨት አቧራ በአፍንጫና በአካባቢው ካንሰር እንደሚያመጣ በዓለም አቀፍ ደረጃ ተረጋግጧል። ክፉው ደግሞ የሚታየው ፍቅፋቂ አይደለም፤ በፀሐይ ጨረር ውስጥ ካልሆነ የማይታየው፣ ከማለስለሻ (ብርጭቆ ወረቀት) ማሽን የሚወጣው ደቃቅ ዱቄት ነው። ስለዚህ በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ፦

በመጀመሪያ አቧራውን ከሚወጣበት ቦታ ያዙት። የመጋዙንና የማለስለሻ ማሽኑን አፍ በቱቦ ከመሳቢያ ማራገቢያና ከከረጢት ጋር አገናኙ። ክፍሉ ውስጥ የሚሽከረከር ተራ ማራገቢያ ግን አቧራውን ከአንዱ አፍንጫ ወደ ሌላው ከማድረስ ያለፈ ጥቅም የለውም። ቀጥሎ፣ በኮምፕሬሰር ማራገፍና በደረቁ መጥረግ ይቅር፤ እርጥብ ጨርቅ ወይም የአቧራ መሳቢያ ተጠቀሙ። ማስክ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። የሐኪም ቤቱ ሰማያዊ ማስክ በጎንና በጎን ስለሚያሾልክ ኤን 95 ወይም ኤፍ ኤፍ ፒ 2 የተጻፈበትን ግዙ። ሁለቱም ላስቲኮች ይታሰሩ፣ የአፍንጫው ሽቦ ይጫን። ጺም ካለ ማስኩ ከቆዳ ጋር አይገጥምም፤ ያኔ ገንዘቡም ባከነ።

ጥያቄ (ከሽመና ክፍል)፦ ማታ ስወጣ ጆሮዬ ውስጥ ይጮኻል፣ ጠዋት ግን ይተወኛል። ሱፐርቫይዘሩ «ትለምጂዋለሽ» ይለኛል።

እህቴ፣ የሚለመደው እንዲህ ነው፦ ጆሮው መስማት ሲያቆም ጩኸቱም «ይቀንሳል»። ያ የማታው ድምፅ የውስጥ ጆሮሽ ደቃቅ ፀጉራም ሕዋሳት መጎዳታቸውን ይነግርሻል። በየምሽቱ ሲደጋገም አንድ ጠዋት ሳይመለስ ይቀራል። እነዚህ ሕዋሳት ደግሞ ዳግም አይበቅሉም። መጀመሪያ የሚጠፋው ቀጭኑ ድምፅ ስለሆነ ሰው ሲናገር ትሰሚያለሽ፣ ምን እንዳለ ግን ይምታታብሻል።

መለኪያ ባይኖርሽም በክንድ ርቀት ካለች ጓደኛሽ ጋር ለመነጋገር መጮኽ ካስፈለገሽ ጩኸቱ 85 ዴሲቤል (የድምፅ መለኪያ) አካባቢ ወይም ከዚያ በላይ ነው። በዓለም አቀፍ ባለሙያዎች ምክር 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት የመጨረሻው ልክ ነው። ከዚያ በላይ በየ3 ዴሲቤሉ ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል፦ 88 ላይ 4 ሰዓት፣ 91 ላይ 2 ሰዓት፣ 94 ላይ 1 ሰዓት። የሽመና ማሽን ክፍል ከ90 ማለፉ የተለመደ ነው።

ፋብሪካው ማድረግ ያለበት የላላ ብሎን ማጥበቅ፣ ዘይት መስጠት፣ ከማሽኑ እግር ሥር የጎማ ንጣፍ ማስገባት፣ ሰዎችን በፈረቃ ማዘዋወር ነው። ሲቀጠሩ አንድ ጊዜ፣ ከዚያም በየዓመቱ የመስማት ምርመራም ያስፈልጋል፤ የመጀመሪያው ውጤት ከሌለ ጉዳቱ ከሥራው እንደመጣ ማስረዳት ይከብዳል።

አንቺ ስፖንጅ የጆሮ መድፈኛውን በንጹሕ እጅ እንደ ቀጭን እርሳስ ጠቅልለሽ፣ በሌላው እጅሽ የጆሮሽን ጫፍ ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳቢ፤ አስገቢና እስኪሰፋ 30 ሰከንድ ያህል በጣትሽ ያዢው። ግማሹ ውጭ የሚታይ ከሆነ አልገባም። ጥጥ መወተፍ አይሠራም።

አንድ ነገር ልጨምር። በጥጥ ማበጠሪያና በፈትል ክፍል ያላችሁ፣ ከእረፍት በኋላ ባለው የመጀመሪያ የሥራ ቀን ደረታችሁን የሚጨንቃችሁና ሳምንቱ ሲገፋ የሚለቃችሁ ከሆነ ጉንፋን አይደለም። የጥጥ አቧራ የሚያመጣው የሳንባ በሽታ ቢሲኖሲስ እንዲህ ነው የሚጀምረው። በጊዜ ከአቧራው ከተራቃችሁ ይመለሳል፣ ለዓመታት ከቆየ ግን አይመለስም።

ጥያቄ (ከኢንዱስትሪ ፓርኩ፣ ስፌት ላይን)፦ መርፌ ጣት ሲወጋ ምን እናድርግ? ወገባችንንም እያመመን ነው።

መርፌው ጣት ውስጥ ከቀረ ፔዳሉን በፍጹም አትርገጡ። ማሽኑን አጥፉ፣ የእጅ መሽከርከሪያውን በዝግታ አዙራችሁ መርፌውን ወደ ላይ አውጡት። ከተሰበረ ስብርባሪውን ሁሉ ሰብስቡና ገጣጥሙት፤ አንድ ቁራጭ ከጎደለ ጣት ውስጥ ሊሆን ስለሚችል ራጅ ያስፈልጋል። በሳሙናና በውኃ እጠቡ፣ የቴታነስ ክትባታችሁን ጊዜ ጠይቁ። አብዛኛው አደጋ የሚደርሰው የጣት መከላከያዋን ሽቦ «ትይዘኛለች» ብለው ሲያነሷት ነው። እሷን ያነሳ መካኒክም ተጠያቂ ነው።

ለወገቡ፣ ክርናችሁ ከጠረጴዛው ጋር እኩል ወይም በትንሹ ከፍ እንዲል ወንበሩን አስተካክሉ። እግር ተንጠልጥሎ መዋል የለበትም፤ ፔዳሉ ሙሉ ጫማ የሚያሳርፍ ይሁን። መደገፊያ የሌለው የእንጨት ዱካ ላይ 8 ሰዓት መቀመጥ በትራስ አይድንም። በየ45 ደቂቃው ለአንድና ሁለት ደቂቃ መቆምና ትከሻን ማዞር ምርት አይቀንስም፤ ከሰዓት በኋላ የሚበዛውን ስህተት ግን ይቀንሳል።

ጥያቄ (ከማጠናቀቂያ ክፍል)፦ የዘይት ነጠብጣብ በሚረጭ ኬሚካል እናነሳለን። ራሴን ያመኛል፣ ይከብደኛል።

ጠርሙሱ ላይ ስም ከሌለ ጥያቄው እዚያ ላይ ይጀምራል። የኬሚካሉን የደህንነት መረጃ ቅጽ ጠይቁ፤ 16 ክፍል አለው፣ እናንተ ክፍል 2ን (አደጋው ምንድን ነው)፣ 4ን (የመጀመሪያ ዕርዳታ) እና 8ን (ምን ዓይነት መከላከያ) አንብቡ። የነጠብጣብ ማንሻ ብዙ ጊዜ ክሎሪን ያለበት ማሟሟያ ነው፤ ጉበትንና ነርቭን የሚጎዳ፣ አንዳንዱም ካንሰር የሚያመጣ።

የአቧራ ማስክ ለትነት አይሆንም፤ ትነቱ እንደ አየር ያልፋል። ለእሱ ካርበን ያለው ማጣሪያ ያስፈልጋል፤ ሽታው መሰማት ሲጀምር ማጣሪያው አልቋል። ከሁሉ የሚሻለው ግን ሥራውን ከኋላ አየር በሚስብ ጠረጴዛ ላይ ማድረግና ጭንቅላትን በልብሱና በመሳቢያው መካከል አለማስገባት ነው። የሕክምና ስስ ጓንትም ማሟሟያን ለደቂቃዎች ብቻ ነው የሚይዘው።

እግረ መንገዴን ለጽዳት ሠራተኞች፦ በረኪናን ከአሲድ የመጸዳጃ ማጽጃ ጋር አትቀላቅሉ፣ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ዓይን ውስጥ ኬሚካል ከገባ ክዳኑን ከፍታችሁ በሚፈስ ንጹሕ ውኃ ቢያንስ 15 ደቂቃ እጠቡ፣ ሐኪም ቤት ከዚያ በኋላ።

ጥያቄ (ከብየዳ ቤት፣ ታቦር)፦ ትልቅ ዲስክ በትንሹ ግራይንደር ላይ መግጠም ምን ችግር አለው? ሁሉም ያደርገዋል።

ሒሳቡን እንሥራው። ትንሹ ግራይንደር በደቂቃ 11,000 ዙር ያህል ይሽከረከራል። ባለ 230 ሚሊ ሜትር ዲስክ የሚፈቀድለት 6,600 ገደማ ብቻ ነው፤ ፊቱ ላይ ተጽፏል። በ11,000 ሲዞር የጠርዙ ፍጥነት በሰከንድ ከ130 ሜትር ያልፋል፣ የተሠራው ግን ለ80 ነው። በዚያ ላይ ዲስኩ እንዲገባ ክዳኑ መነሳት አለበት። ሲፈነዳ ቁራጩ የሚሄደው ወደ ፊትና ወደ አንገት ነው። «ሁሉም ያደርገዋል» የሚባለው ያልፈነዳበት ሰው ስለሚያወራ ነው።

ዲስኩ ላይ ያለውን የማብቂያ ቀን እዩ፤ እርጥበት የነካውን ወይም የወደቀውን ጣሉት። ከገጠማችሁ በኋላ ከጎን ቆማችሁ 30 ሰከንድ ባዶውን አሽከርክሩት። ከመነጽር በተጨማሪ የፊት ጋሻ ይኑር።

ስለ ብየዳም ጥያቄ ነበር። ጋልቫናይዝድ (ዚንክ የተለበጠ) ላሜራ ከበየዳችሁ ማታ ብርድ ብርድ የሚላችሁ፣ የሚያተኩሳችሁና አፋችሁ ብረት ብረት የሚላችሁ ከዚንኩ ጭስ ነው፤ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይለቃል። ከመበየዳችሁ በፊት ከመገጣጠሚያው ግራና ቀኝ ቢያንስ 5 ሳንቲ ሜትር ዚንኩን ፍቃችሁ አንሱ (ሲፋቅም ማስክ)፣ ነፋሱ ከጎን እንዲመታችሁ ቁሙ። ዓይን ሌሊት ላይ አሸዋ እንደገባበት ሲቆጠቁጥ ብርሃኑ አቃጥሎታል፤ ቀዝቃዛ እርጥብ ጨርቅ፣ ጨለማ ክፍልና ሐኪም። የተቆረጠ ድንችም ወተትም ዓይን ውስጥ አይገባም።

ጥያቄ (ግንባታ፣ ሐዌላ ቱላ)፦ የመጸዳጃ ጉድጓድ ስንጠርግ ሻማ አውርደን ካልጠፋ እንገባለን። ልክ ነን?

አይደላችሁም። እዚህ ላይ ልርዘም፣ ምክንያቱም በጉድጓድ ብዙ ጊዜ የሚሞተው አንድ ሰው አይደለም፤ የወደቀውን ሊያወጣ የሚገባው ሁለተኛውና ሦስተኛውም ነው።

ሻማ የሚነግራችሁ ኦክስጅን በጣም ማነሱን ብቻ ነው። የተበላሸ እንቁላል የሚሸተውን ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ሻማ አያውቀውም። ይህ ጋዝ ሲበዛ ደግሞ ማሽተትን ራሱን ያደነዝዛል፤ «ሽታው ጠፋ» ማለት «ጋዙ ጠፋ» ማለት አይደለም። ጉድጓዱ ውስጥ ሚቴን ካለ ደግሞ ሻማው ራሱ ያፈነዳዋል። ዝቃጩ ሲነቃነቅ የታፈነው ጋዝ በአንድ ጊዜ ስለሚለቀቅ፣ ሲገቡ ደህና የነበረ ጉድጓድ ከ10 ደቂቃ በኋላ ይገድላል።

የመጀመሪያው ምርጫ ሰው አለመግባት ነው፤ የፍሳሽ መምጠጫ መኪና ጥሩ። የግድ ከሆነ ጋዝ በሚለካ መሣሪያ ከላይ፣ ከመካከልና ከታች ይለካ፤ ኦክስጅን ከ19.5 በመቶ በታች ከሆነ አይገባም። ክዳኑ ይከፈት፣ ንጹሕ አየር በማራገቢያና በቱቦ እስከ ታች ይነፋ፣ ሥራው እስኪያልቅም አይቁም። የሚገባው ሰው የደረት ቀበቶ ታጥቆ ገመዱ ከላይ ካለ መጎተቻ ጋር ይታሰር። ከላይ ያለው ሰው ሥራው መጠበቅ ብቻ ነው፤ ቢጠራም ቢለመንም አይገባም፣ በገመዱ ይጎትታል።

የቤንዚን ፓምፕ ወደ ውኃ ጉድጓድ ማውረድም እንዲሁ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። ሞተሩ ከላይ ይቀመጥ፣ ጭሱም ከአፉ ይራቅ።

ጥያቄ፦ ሥራ ላይ ከተጎዳሁ ደመወዜስ?

በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት፣ በሥራ ላይ ጉዳት ለጊዜው መሥራት ካልቻልክ የመጀመሪያዎቹን 3 ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹን 3 ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ የቀሩትን 6 ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ ታገኛለህ። የሕክምናው ወጪም የአሠሪው ነው። ብዙዎች ይህን ከተራ የሕመም ፈቃድ ጋር ያምታቱታል፤ በተራው ሕመም ሙሉ ደመወዝ ያለው ለመጀመሪያው 1 ወር ብቻ ነው። ስለዚህ የሐኪም ወረቀትህ ላይ ጉዳቱ የደረሰው ሥራ ላይ መሆኑ መጻፉን ሳታይ አትውጣ። ሐኪሙ ሥራህን ካልጠየቀህ ራስህ ንገረው፤ ምን እንደምትነካ፣ ምን እንደምትተነፍስ፣ ስንት ዓመት እንደሆነህ።

ጥያቄ፦ ነፍሰ ጡር ነኝ፣ የሌሊት ፈረቃ መድበውኛል።

ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ነፍሰ ጡርን ማሠራት ሕጉ አይፈቅድም። የትርፍ ሰዓት ሥራም እንዲሁ። ማሟሟያ ካለበት ክፍልም እንዲያዛውሩሽ በጽሑፍ ጠይቂ።

ጥያቄ፦ ዕቃ ይሰረቃል ተብሎ የአደጋ መውጫው በር በሰንሰለት ይታሰራል።

እ.ኤ.አ. በ1911 ኒው ዮርክ ውስጥ አንድ የልብስ ፋብሪካ ሲቃጠል 146 ሰዎች ሞተዋል፤ የተቆለፈ መውጫ በር ለብዙዎቹ ሞት ምክንያት ነበር፣ ሰበቡም ይኸው ስርቆት። በሩ ከውስጥ ያለ ቁልፍ በመግፋት ብቻ መከፈት አለበት። ስርቆት ካስፈራ ሲከፈት የሚጮኽ ደወል ይገጠምለት። ካርቶንም በሩ ሥር አይደርደር።

ጥያቄ፦ ይህን ሁሉ ብንናገር ማን ይሰማናል?

በቃል አትጀምሩ። ቀኑን፣ ቦታውን፣ ማሽኑንና አደጋውን በአንድ ገጽ ጽፋችሁ በሠራተኛ ማኅበሩ ወይም በደህንነት ኮሚቴው በኩል ስጡ፤ በቅጂው ላይ «ደርሶኛል» የሚል ፊርማና ቀን አስፈርሙ። የአዋጁ አንቀጽ 92 መከላከያ ማቅረብን፣ ሥልጠና መስጠትንና አደጋን መዝግቦ ማሳወቅን የአሠሪው ግዴታ ያደርጋል። ካልተስተካከለ ያንን የተፈረመበት ቅጂ ይዛችሁ ወደ ሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪው ሂዱ። መከላከያ ተሰጥቷችሁ የማትጠቀሙ ከሆነ ግን አንቀጽ 93 እናንተንም ይጠይቃል፤ ከመሄዳችሁ በፊት የራሳችሁን ጓንትና መነጽር አስተካክሉ።